ያገለገለ የአማተር ሬዲዮ ቲዩብ ማጉያ ሲሸጥ፦ ዋጋው፣ አደጋውና ማስረጃው

አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ስታርክቪል የምትባል ከተማ አለች። ኤምኤፍጄ የተባለው የአማተር ሬዲዮ ዕቃ አምራች መቀመጫው እዚያ ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1972 ነው። በኤፕሪል 2024 ደግሞ እዚያ ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪትሮን የሚል ስም ያላቸው የቲዩብ ማጉያዎችም (የሬዲዮን ጉልበት የሚያሳድጉ ሳጥኖች) የዚሁ ድርጅት ናቸው። ዜናው ለብዙ ሰው ምንም አይደለም። ያገለገለ ማጉያ ለሚሸጥና ለሚገዛ ግን ከባድ ነው። አዲስ የሚሠራው ባነሰ ቁጥር ሰው ፊቱን ወደ አሮጌው ያዞራል።

የአሮጌው ገበያ የራሱ ጣጣ አለው። ዕቃው ውስጥ ሰው የሚገድል ኮረንቲ አለ። ትክክለኛ ዋጋው ከውጭ ታይቶ አይታወቅም። ሻጩ ራሱ ብዙ ጊዜ ስለ ዕቃው አያውቅም። ከአማተር ሬዲዮ ሰዎች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። አንዱ ሲሞት ጋራዡን የሚያጸዱት ሚስቱ ወይም ልጆቹ ናቸው። እነሱ የሚያዩት አንድ ከባድ የብረት ሳጥን ነው። ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣ ይሁን ወይስ ለቆራሌው የሚሰጥ፣ በምን ይወቁ?

በእኔ እምነት እዚህ ገበያ ላይ ዋናው ነገር ማስረጃ ነው። ማጉያው ዛሬ ስንት ዋት እንደሚያወጣ በዓይን ያላሳየ ሻጭ የሚሸጠው ተስፋ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ መጀመር ይሻላል።

አማተር ሬዲዮ ምንድን ነው? ማጉያስ ለምን ያስፈልጋል?

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈተና አልፈው ከመንግሥት ፈቃድ ያገኙ ሰዎች በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ንግድ አይደለም። የሚሠሩት ለመማር፣ ለመሞከር፣ አደጋ ሲደርስ ለመርዳትና ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለመነጋገር ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የጥሪ ምልክት አለው። የኢትዮጵያ ምልክቶች በ"ኢቲ" ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎች ይሠሩበታል። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ድምፅ ብዙ ስለማይሰማ የሌላው ዓለም አማተሮች ይህን ጣቢያ ለማግኘት ይሻማሉ።

አብዛኛው የአማተር ሬዲዮ የሚያወጣው 100 ዋት ያህል ነው። የሰማዩ ሁኔታ ሲመች በዚህ ጉልበት ሌላ አህጉር ድረስ መነጋገር ይቻላል። ሳይመች ሲቀር ግን ድምፁ ከጫጫታው በታች ይውላል። ማጉያው እዚህ ላይ ይገባል። ከሬዲዮው የመጣውን ምልክት ተቀብሎ ከ500 እስከ 1500 ዋት አድርጎ ወደ አንቴናው ይልከዋል። በአሜሪካ ለአማተር የተፈቀደው ጣሪያ 1500 ዋት ነው። እንግሊዝ ከ2024 ወዲህ ለከፍተኛው ፈቃድ 1000 ዋት ትፈቅዳለች፤ ከዚያ በፊት 400 ነበር።

ሰዎቹ ይህን ማጉያ "ሊኒየር" ይሉታል። የገባውን ድምፅ ቅርጹን ሳያበላሽ ማሳደግ ስላለበት ነው። ቅርጹ ከተበላሸ ድምፁ ይጎረብጣል፤ አጠገቡ ባለ ሞገድ የሚሠሩትንም ይረብሻል።

አንድ ነገር ግን ማጋነን አያስፈልግም። ከ100 ወደ 1000 ዋት መውጣት ጉልበቱን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ተቀባዩ ጋ ያለው መለኪያ ግን ከሁለት ደረጃ ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንዱ ደረጃ 6 ዴሲቤል (የምልክት ብርታት ልዩነት መለኪያ) ነው፣ አሥር እጥፍ ደግሞ 10 ዴሲቤል። ደካማ ምልክት ከጫጫታው በላይ ብቅ እንዲል ይህ ይበቃል። "ዓለም ሁሉ ይሰማሃል" እያለ የሚሸጥ ሰው ግን እያጋነነ ነው።

ቲዩብ ምን ይሠራል?

ቲዩብ ውስጡ አየር የሌለው የመስተዋት ወይም የሴራሚክ ዕቃ ነው። መሃሉ ላይ የሚግል ክር አለ። ክሩ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይለቀቃሉ። ዙሪያውን ፕሌት የሚባል ብረት አለ። ፕሌቱ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስላለ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል ግሪድ የሚባል ወንፊት የመሰለ ሽቦ ተወጥሯል።

የግሪዱ ሥራ እንደ ውኃ ቧንቧ መክፈቻ ነው። መክፈቻውን የሚያዞረው የእጃችሁ ጉልበት ትንሽ ነው፤ በቧንቧው የሚወርደው ውኃ ግን ብዙ ነው። ከሬዲዮው የመጣው ትንሽ ምልክት የኤሌክትሮኑን ጎርፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፕሌቱ ላይ የሚገኘው ያው ምልክት ነው፤ ግን አድጓል።

በዚህ ገበያ ደጋግማችሁ የምትሰሟቸው ጥቂት የቲዩብ ስሞች አሉ። 811ኤ ትንሹና ርካሹ ነው፤ አሜሪትሮን ኤኤል-811ኤች አራቱን ይይዛል። 572ቢ ከፍ ይላል፤ የሂትኪት ኤስቢ-200 ሁለት አለው። 3-500ዜድ በጣም የታወቀው ነው። ሂትኪት ኤስቢ-220፣ ድሬክ ኤል-4ቢ፣ ኬንዉድ ቲኤል-922 እና አሜሪትሮን ኤኤል-82 ሁለት ሁለት ይዘዋል። 8877 የሴራሚክ ነው፤ አንዱ ብቻውን 1500 ዋት ያወጣል፣ አዲሱ ደግሞ ከ1000 ዶላር በላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቲዩቡ ከቀረው ማጉያ በሙሉ ይበልጣል ማለት ነው።

ነቅዬዋለሁ፤ ታዲያ ምን ያስፈራል?

ኤስቢ-220ን ልውሰድ። ሂትኪት ገዢው ራሱ እየበየደ የሚገጣጥመውን ዕቃ በካርቶን የሚሸጥ የአሜሪካ ድርጅት ነበር። ይህ ማጉያ በ1970ዎቹ ብዙ ቤት ገብቷል። ዛሬም ያገለገለ ሲፈለግ ቶሎ የሚገኘው እሱ ነው።

ቲዩቦቹ የሚሠሩት በ2400 ወይም በ3000 ቮልት ገደማ ነው። አሜሪካ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው 120 ቮልት ነው። ይህን ከፍተኛ ቮልት አጣርተው የሚያጠራቅሙ ስምንት ካፓሲተሮች በተከታታይ ተቀጥለዋል። እያንዳንዱ 200 ማይክሮፋራድ (የመያዝ አቅም መለኪያ) ነው፤ በተከታታይ ስለተቀጠሉ አንድ ላይ 25 ይሆናሉ። 3000 ቮልት ሲሞላባቸው የያዙት ጉልበት ከ110 ጁል ይበልጣል። ሆስፒታል ውስጥ ምቱ የተዛባ ልብ የሚያስተካክለው መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከ120 እስከ 200 ጁል ገደማ ይለቃል። የሚያድነው ሐኪም ይዞት ነው። ጤነኛ ልብ ላይ በእጅ በኩል ሲመጣ ግን ይገድላል።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ እንደሞሉ ይቆያሉ። ቀስ ብለው እንዲያፈሱ የሚያደርጉ ሬዚስተሮች አሉ። ሁሉም ጤነኛ ከሆኑ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይጨርሳሉ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሬዚስተር ግን ይቆረጣል። አንዱ ከተቆረጠ ፍሰቱ ይቋረጣል፤ ከውጭ ምንም ምልክት አይታይም። ብዙ ማጉያዎች ክዳናቸው ሲነሳ ቮልቱን ወደ ምድር የሚጥል መጠበቂያ አላቸው። እሱም በአሮጌ ዕቃ ላይ ይታጠፋል፤ ወይም የቀድሞ ባለቤት ለጥገና እንዲመቸው አንስቶት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዕቃውን የማታውቁ ወራሾች ከሆናችሁ ክዳኑን አትክፈቱ። "ይሠራል ወይ?" ብላችሁም ሶኬት ላይ አትሰኩት። ዓመታት የቆመ ማጉያ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኮረንቲ ሲያገኝ የደረቁ ካፓሲተሮች ይፈነዳሉ፤ ጤነኛው ቲዩብም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ያለ አንቴና ወይም በአንቴና ፋንታ ከሚገናኝ የሙከራ ጭነት ውጭ ማሠራት ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። በአካባቢያችሁ ያለ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ፈልጉ። ብዙ ክበቦች የሟች ባልደረባቸውን ዕቃ ለቤተሰቡ መርምረው ዋጋ ያወጣሉ፤ ይህን እንደ ግዴታቸው ያዩታል። ሁለት ሰው ጠይቁ። ዋጋ የሚነግራችሁ ሰውና የሚገዛችሁ ሰው አንድ ባይሆን ይመረጣል።

የሚያውቁት ሰዎች ልማድ ግልጽ ነው። ይነቅላሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ፊት ለፊት ያለው የቮልት መለኪያ ሜትር ዜሮ መድረሱን ያያሉ። ሜትሩንም አያምኑም። ከምድር ጋር በታሰረ፣ እጀታው ኮረንቲ በማያሳልፍ ዘንግ ቮልቱን ያወርዱታል። ከዚያ በኋላ ነው እጃቸው የሚገባው።

በጣም አሮጌ ወይም ሰው በእጁ የሠራው ማጉያ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩ ዘይት ያለባቸው ትልልቅ ካፓሲተሮች ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። አሜሪካ ማምረቱን የከለከለችው በ1979 ነው። የሚያፈስ ካለ በባዶ እጅ አትንኩት። አንዳንድ የሴራሚክ ክፍሎችም ቤሪሊየም ኦክሳይድ አለባቸው። ሳይሰበሩ ምንም አያደርጉም። ተሰብረው ወይም ተሞርደው የሚወጣው ብናኝ ግን ሳንባ ይጎዳል።

ቲዩቡ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የገበያው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ቲዩብ ሲሠራ ያልቃል። ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚቆጥር ነገር አብዛኛው ማጉያ ላይ የለም። "ብዙ አልተሠራበትም" የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አይለካም።

የሚለካው የሚወጣው ጉልበት ነው። ማጉያው ደሚ ሎድ ከሚባል የሙከራ ጭነት ጋር ይገናኛል። ይህ ጉልበቱን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው። መሃል ላይ ዋት ሜትር ይገባል። ከዚያ በየሞገዱ እየተቀየረ ስንት ዋት ገብቶ ስንት ዋት እንደወጣ ይመዘገባል። ገዢ ከሆናችሁ ይህን በቪዲዮ ጠይቁ። ሻጭ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ አሳዩ። የማጉያው ሜትሮችና ዋት ሜትሩ በአንድ ላይ፣ ሳይቆራረጥ ይታዩ።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከታየ ወዲያው ቲዩቡን አትኮንኑ። ከሬዲዮው የሚገባው ምልክት አንሶ ሊሆን ይችላል። የቤቱ ኮረንቲም ሲጫነው የሚወርድ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሞገድ ብቻ ከወረደ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቲዩቡ ውጭ ነው። በሁሉም እኩል ከወረደና የሚገባው ምልክትም የቤቱ ኮረንቲም ደህና ከሆኑ ግን ቲዩቡ ደክሟል።

3-500ዜድ ሲሠራ ፕሌቱ ቀይ ሆኖ ይግላል። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ የተሠራው እንዲያ ነው። ፕሌቱ ላይ የተቀባው ነገር ውስጥ የቀረችውን ጋዝ የሚውጠው ሲግል ነው። ከዚህ የሚመጣ አንድ ውጤት አለ። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ቲዩብ አዲስ ቢሆንም ጋዝ ሊያጠራቅም ይችላል። ድንገት 3000 ቮልት ሲያገኝ ውስጡ ብልጭ ይልና ጠመንጃ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ ክሩን ብቻ ለሰዓታት ያግላሉ። ከፍተኛውን ቮልት ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይሰጡታል። ስለዚህ "በካርቶኑ ያለ፣ ከ1980 ጀምሮ ያልተነካ ቲዩብ" የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ዋጋውን ከፍ አድርጎ መክፈል አይመከርም። የተፈተነና ትናንት የሠራ ቲዩብ ይሻላል።

በዓይን የሚታዩም አሉ። መስተዋቱ ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከተለጠፈ አየር ገብቷል፤ ቲዩቡ አልቋል። ቲዩቡ ከሶኬቱ ወጥቶ በቴስተር ሲለካ ግሪዱና ክሩ ከተገናኙም አልቋል። ሁለት ቲዩብ ያለው ማጉያ ላይ አንዱ ብቻ ከቀላ ጉልበቱን እኩል አልተካፈሉም። የሴራሚኮቹ ውስጥ ግን አይታይም። ለእነሱ ያለው ማስረጃ ዋት ሜትሩ ብቻ ነው።

ማስታወቂያው "2 ኪሎዋት" ይላል፤ እውነት ነው?

ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ውሸትም አይደለም። አሜሪካ ቀድሞ የአማተርን ጉልበት የምትለካው ወደ ማጉያው የመጨረሻ ክፍል በሚገባው ኮረንቲ ነበር። በ1980ዎቹ መለኪያው ወደ አንቴናው በሚወጣው ተቀየረ። አሮጌዎቹ ማጉያዎች የተሸጡት በድሮው መለኪያ ነው። ኤስቢ-220 "2 ኪሎዋት" ሲባል የሚገባበት ነው። የዚህ ዓይነት ማጉያ ከሚገባበት 60 በመቶ ያህሉን ያወጣል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ከደህና ኤስቢ-220 የሚጠበቀው 1000 ወይም 1200 ዋት ገደማ ነው። ሻጭ ከሆናችሁ የለካችሁትን የሚወጣ ጉልበት ጻፉ። የፋብሪካውን ወረቀት መገልበጥ በኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ከቲዩቡ ሌላ ዋጋ የሚቀንሰው ምንድን ነው?

ትራንስፎርመሩ ቀዳሚው ነው። ክብደቱ በአብዛኛው የእሱ ነው። ቲዩብ ይገዛል፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን ለብዙ አሮጌ ሞዴል እንደ ልብ አይገኝም። ማስጠቅለል ውድ ነው። የተቃጠለ ሽታ፣ የቀለጠ ሰም፣ ከወትሮው የተለየ ጉርምርምታ ካለ አይደበቅ።

ቀጥሎ የሞገድ መምረጫው ማብሪያ ነው። ማጉያው እያስተላለፈ ይህን ያዞረ ሰው መገናኛዎቹን ያቃጥላል። ችግሩ በአንዱ ሞገድ ላይ የሚቆራረጥ ወይም የሚያንስ ጉልበት ሆኖ ይታያል። መለዋወጫው እንደ ትራንስፎርመሩ ብርቅ ነው። ለዚህ ነው በየሞገዱ መለካት ያስፈልጋል ያልኩት።

ሦስተኛው ከሁሉ በላይ የሚረሳው ነው። ማጉያው ማስተላለፍ እንዲጀምር ከሬዲዮው የሚሄድ አንድ ሽቦ አለ። በኤስቢ-220 እዚያ ሽቦ ላይ ከ100 ቮልት በላይ አለ። የድሮ ሬዲዮዎች በሪሌ (በኮረንቲ በሚንቀሳቀስ ማብሪያ) ስለሚዘጉት ችግር አልነበረም። ለብዙ ዘመናዊ ሬዲዮ ግን ይህ ቮልት ከአቅሙ በላይ ነው። ገዢው ሳያውቅ ካገናኘ በሺዎች ዶላር የተገዛው ሬዲዮ ውስጡ ይቃጠላል። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፤ መሃል ላይ የምትገባ ትንሽ ሰርኪውት አለች። ማጉያው ላይ ተገጥማለች? አልተገጠመችም? ይህን ማስታወቂያው ላይ ያልጻፈ ሻጭ ትልቅ ጥፋት አጥፍቷል ብዬ አምናለሁ። ሕግ አያስገድድም፤ ሰው ግን ይጎዳል።

ማጉያው ለ120 ወይስ ለ240 ቮልት እንደተገናኘም ይጻፍ። ኤስቢ-220 በ120 ሲሠራ ወደ 20 አምፔር ይስባል። የተለመደው የአሜሪካ ቤት መስመር 15 አምፔር ነው። በ240 ሲሆን ግማሹ ይበቃዋል፤ ቮልቱም ሲጫን አይወርድም።

የቀድሞ ባለቤት የጨመራቸው ነገሮችም ይነገሩ። ሲበራ ኮረንቲው ቀስ ብሎ እንዲገባ የሚያደርግ ሰርኪውትና አዲስ ካፓሲተሮች ዋጋ ይጨምራሉ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ የተዘበራረቀ ብየዳ ይቀንሳል።

ለማን መሸጥ ይፈቀዳል?

በአሜሪካ ያገለገለ ማጉያን አማተር ለፈቃድ ላለው ሌላ አማተር ወይም ለአማተር ዕቃ ነጋዴ መሸጥ ይችላል። ደንቡ የመጣው ከ1970ዎቹ ችግር ነው። ያኔ ሲቢ የሚባለው፣ ፈተና የማይጠይቀው የከባድ መኪና ሹፌሮች ሬዲዮ ተስፋፋ። ለሲቢ የተፈቀደው ለተራው ንግግር 4 ዋት ነው። ብዙዎች ግን የአማተር ማጉያ እየገዙ ያስተላልፉ ጀመር። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1978 ከ24 እስከ 35 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ማጉያዎች እንዳይመረቱና እንዳይሸጡ ከለከለ። በዚህ ምክንያት አማተሮችም በፋብሪካ ዕቃ ላይ እዚያው ክልል ውስጥ ያለውን የ10 ሜትር ሞገዳቸውን አጡ። ኤስቢ-221 ማለት 10 ሜትሩ የተነሳለት ኤስቢ-220 ነው። ክልከላው በ2006 ላላ።

ለሻጭ ትርጉሙ አጭር ነው። የገዢውን የጥሪ ምልክት ጠይቁ። የኮሚሽኑ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ማረጋገጥ ይቻላል። ማጉያችሁ 10 ሜትር ላይ ይሠራ እንደሆነ ወይም ኋላ የተጨመረለት እንደሆነም ጻፉ።

ስንት ልበል?

ቋሚ ዋጋ የለም። የሚጠየቀውን ዋጋ አትመልከቱ፤ የተሸጠበትን ፈልጉ። ሁለቱ ይራራቃሉ። ከዚያ ቀላል ስሌት አለ። የአዲስ ቲዩብ ዋጋ ስንት ነው? ቲዩቡ ያልተፈተነ ከሆነ ገዢው ያንን በሙሉ ይቀንሳል፣ እውነትም አለው። በኤስቢ-220 ያ ሁለት ቲዩብ ነው። ማጉያው ቢሸጥ ከሚያወጣው ብዙውን ሊበላ ይችላል። የአንድ ከሰዓት ሙከራ ዋጋውን የሚያነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ቲዩብ የሌላቸው፣ በትራንዚስተር የሚሠሩ አዳዲስ ማጉያዎችም መጥተዋል። ወዲያው ይበራሉ፤ ማስተካከያ አይፈልጉም። ውድ ቢሆኑም የአሮጌዎቹን ዋጋ ወደ ታች ይጎትታሉ። የቲዩብ ማጉያ የሚገዛው ሰው በተመሳሳይ ገንዘብ ተጨማሪ ዋት ስለሚያገኝ፣ ወይም በእጁ መጠገን ስለሚችል ነው።

አጭበርባሪ እዚህም አለ። አንዱ ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ ይልክና "ትርፉን ለሚያመጣው ሹፌር ስጥልኝ" ይላል። ቼኩ ከቀናት በኋላ ይመለሳል፤ የሰጣችሁት ገንዘብ አይመለስም። ሌላው የሰው ፎቶ ሰርቆ የሌለውን ማጉያ ይሸጣል። ገዢ ከሆናችሁ የዛሬ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከማጉያው ጋር ፎቶ እንዲያነሳ ጠይቁ። ለማያውቁት ሰው በኢንተርኔት መላኪያ ገንዘብ ሲላክ "ለወዳጅ" በሚለው ምርጫ በኩል አይላክ፤ በዚያ በኩል መከላከያ የለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፊት ለፊት ነው። ኦሃዮ ውስጥ ዚንያ ላይ በየዓመቱ በሜይ የሚደረገው ሃምቬንሽን የታወቀ ገበያ ነው፤ በጀርመን ደግሞ የፍሪድሪሽስሃፈን ትርዒት አለ። ቤት ድረስ መጥቶ እየሠራ አይቶ የሚወስድ ገዢ ካገኛችሁ ትንሽ ዋጋ መቀነስ አይጎዳም።

በፖስታ መላክ ካለበትስ?

በመንገድ ላይ የሚሰበረው በትራንስፎርመሩ ነው። ካርቶኑ ሲወድቅ ትራንስፎርመሩ የታሰረበትን ብረት ያጣምማል፤ አንዳንዴም ነቅሎ ይወጣና ሌላውን ሁሉ ይደቃል። አሜሪትሮን አዲሱን ሲልክ እንኳ ትራንስፎርመሩን በሌላ ካርቶን ያደርግ ነበር። እናንተም ነቅላችሁ ለብቻ ላኩ። የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ ፎቶ አንሱ፤ ሽቦዎቹ ላይም ጻፉባቸው። ይህን ለመሥራት ክዳን ስለሚከፈት ስለ ቮልቱ የተባለው እዚህም ይሠራል። ቲዩቦቹም ወጥተው በየካርቶናቸው ይሂዱ፣ እንደቆሙ ቢሆን ይመረጣል። ሳይወጣ የተላከ 3-500ዜድ ደርሶ ሲከፈት የመስተዋት ስብርባሪ ሆኖ ይገኛል። ኢንሹራንስ ግቡ፤ ከማሸጉ በፊት እየሠራ የነበረበትን ቪዲዮ አስቀምጡ።

ወደ ኢትዮጵያ ቢላክ ይሠራል?

መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። አስተላላፊ ዕቃ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጋር ሳይጨርሱ ጉምሩክ ላይ ማድረስ ዕቃውን ማስያዝ ነው።

ሁለተኛው ኮረንቲው ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው (በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ ኢትዮጵያ 50። ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ይጨናነቃል፣ ይግላል። ለ240 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራውን በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ብታስገቡት የብረቱ ጫና 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሌላ በኩል ደግሞ ቮልቱ ስላነሰ የቲዩቡ ክር ከ5 ቮልት ወደ 4.6 ይወርዳል። 3-500ዜድ የሚፈልገው ከ5 ቮልት 5 በመቶ ያልራቀ ነው። ለብዙ አገር የተሠሩ ሞዴሎች ጀርባቸው ላይ 50/60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍና ለ220 የሚሆን ማገናኛ አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን ጽሑፍ ፎቶ ከሻጩ ጠይቁ።